ጌሌርት እና በዕጣ የደረሰችው ባዝራ

ጌሌርት ቫዳስ የሶልኖክ ከተማ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው፤ እኔም አብሮ አደጉ ነኝ። ቲሳ ወንዝ ውስጥ ስንንቦራጨቅ ያየን አሠልጣኝ ሁለታችንንም ዘመናዊ ፔንታትሎን ለሚባለው ባለ አምስት ውድድር ስፖርት መለመለን። ጌሌርት በሰይፍ መጋጠሙን፣ ዋናውን፣ ተኩሱንና ሩጫውን በቀላሉ ለመደ። አምስተኛው ፈረስ መጋለብ ነበር፤ እሱ ደግሞ ፈረስ ይፈራል። በልጅነቱ የጋሪ ፈረስ ረግጦ ጎድኑን ሰብሮታል። ይህን ለማንም ትንፍሽ አላለም። ከግልቢያ በፊት ጓሮ ዞሮ ሲያስመልሰው ሆዱን አሞት ይመስለኝ ነበር።

በስፖርታችን ፈረሱ የራስህ አይደለም። በዕጣ ይደርስሃል፣ ለጥቂት ደቂቃ ትለማመደዋለህ፣ ትገባለህ። የብሔራዊ ቡድን ምርጫ ላይ ጌሌርት እየመራ ሳለ፣ ቀደም ብላ ጋላቢ የጣለች ግራጫ ባዝራ ደረሰችው። ልጓሟን የያዘችው ኤሞኬ የምትባል የጋጣ ሠራተኛ እጁን አየች።

«ምን ያንቀጠቅጥሃል?»

«ብርድ ነው።»

«በዚህ ፀሐይ?» ብላ ሳቀች። «ስማ፣ እኔን ዋሸኝ፣ ግድ የለም። እሷን ግን አትችልም። ጀግና ልምሰል ብለህ ልጓሙን እንዳትጎትት። አላላላትና አብራችሁ ፍሩ።»

አላላላት። ያም ሆኖ ባዝራዋ አንዱ መሰናክል ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ጌሌርት በአንገቷ ላይ ተሽቀንጥሮ አሸዋው ላይ ተዘረረ። በቃ፣ አለቀለት አልኩ። እሱ ግን ተነሣ፣ አንገቷን ዳሰሰና ተመልሶ ጀርባዋ ላይ ወጣ። የቀረውን አንድም እንጨት ሳይጥሉ ጨረሱ። መሪነቱ ቢያመልጠውም በቀረው ሩጫ ሮጦ ሮጦ የመጨረሻዋን የቡድን ቦታ ያዘ። እኔ ቀረሁ።

በዓለም ሻምፒዮና ከቡድኑ ጋር ነሐስ አመጣ። በግሉ አንድም ሜዳሊያ የለውም። ጉልበቱ እምቢ ሲለው ከውድድር ወጣ፤ ኤሞኬን አግብቶ በከተማችን መዋኛ ሕፃናት ማስተማር ያዘ። ውሃ የሚፈራ ልጅ ሲመጣ «አትፍራ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ዳር ላይ አብሮት ይቀመጥና እግራቸውን ነክረው ሌላ ሌላውን ያወራሉ።

ፈረስ ከስፖርታችን መውጣቱ የተነገረ ሰሞን፣ እቤታቸው የዓሣ ሾርባ እየበላን አፌዝኩበት።

«አይ ጌሌርት፣ ያለጊዜህ ተወለድክ! ዛሬ ቢሆን ወርቁ ያንተ ነበር።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «አራቱን በራሴ ጉልበት ነው የቻልኩት። የማላውቀውን ፍጡር ‹እባክህ አብረን እንሻገር› ብዬ የለመንኩት በአምስተኛው ነው። እሱ ባይኖር እብሪተኛ ሆኜ እቀር ነበር።»

«አሁንስ መች ተረፍክ?» አለች ኤሞኬ፣ ዳቦ እየቆረሰችለት።

ጌሌርት ዳቦውን ተቀበለና ሳህኑን ለጭማሪ ዘረጋላት።