ከዙሪክ የመጣው ዳቦ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ከስፓኒሽ የፍቅር ዘፈን ነው። የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ ዘሃራ፣ ሆቴል ስታጸዳ ከኮሎምቢያ ሴቶች ቋንቋውን ለቃቅማ ነበርና፣ ያኔ ጄኔቭ ዳርቻ ሜራን በነበረው ቤታችን አመሻሽ ላይ የምድጃውን መብራት ብቻ አብርታ ሽንኩርት እያቁላላች፣ ስልኳ ላይ የምታለቅሰውን ዘፋኝ ታሪክ በአማርኛ ትተርክልኝ ነበር።

«ይኸውልሽ፣ እሷ የተኮሰችውን ሸሚዝ ለብሶ ሌላዋ ጋ ሄደ! ጠርጥር ከገንፎም ይኖራል ስንጥር ነው፤ ወንድ ሲምልልሽ ኪሱን ፈትሺ።»

እሷ በሰው መከዳት ትስቅ ነበር፤ የእሷ ሰይድ እንዲህ አያደርግማ! እኔ ግን ዘጠኝ ዓመቴ ነበርና ሁሉን አመንኩ፤ ጥርጣሬዬም አባዬ ላይ አረፈ።

አባዬና የአክስቴ ባል ጋሼ ሰይድ ክሎተን አየር ማረፊያ እየሠሩ፣ ዙሪክ ዜባህ የሚባል ሰፈር አንድ ቤት ይኖሩ ነበር። አባዬ በየዓርቡ ይመጣል፤ ጋሼ ሰይድ ግን ሁልጊዜ ተረኛ ነው። አክስቴም እሑድ እሑድ በአባዬ እጅ ወጥ ትልክለታለች። አባዬ ሲመጣ ኮቱን አሸትታለሁ፣ ኪሱን እበረብራለሁ፤ ከባቡር ትኬት በቀር ምንም የለም። ምንም አለመኖሩ ራሱ አጠራጠረኝ።

አንድ ዓርብ አባዬ ሳይከፍት ያመጣውን የወጥ ዕቃ ስከፍት፣ ጥቁር አዝሙድ ያለበት ለስላሳ ዳቦ አገኘሁ። ደሜ ፈላ።

«አባዬ፣ ዙሪክ ሌላ ሚስት አለችህ አይደል? ይሄን ማን ጋገረው?»

እናቴ ከት ብላ ሳቀች። አባዬ «ከሱቅ ነው» አለ። አክስቴ ግን ዳቦውን ቆርሳ ቀመሰች። ወጥ የመጣበትን ዕቃ ባዶውን አለመመለስ የኛ ሴቶች ወግ ነው፤ ጋሼ ሰይድ ደግሞ እንቁላል መቀቀል እንኳ አያውቅም።

«ያገሬ ልጅ ናት» አለች ቀስ ብላ። «ባለጌም አይደለችም። ወጡን የምልከው የሰይድ እህት መስያት ይሆናል።»

አባዬ አንገቱን ደፋ። «እታለም፣ ትዳርሽ እንዳይፈርስ ብዬ ነው።»

«ስንት ጊዜው ነው?»

«ሁለት ዓመት።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ የኔን ወጥ ለሷ አመላለስክ? ሰይድስ ባዳ ነው። አንተ የእናቴ ልጅ ነህ!»

ሰይድን በወራት ውስጥ ፈታችው፤ ወላሂ፣ ስታለቅስለት አላየሁም። ከአባዬ ጋር ግን ለመታረቅ ዓመታት ፈጀባት፤ ያኔ ስሙ ሲነሳ ታለቅስ ነበር። እኔም አባቴን እወደዋለሁ። ግን ዛሬም «ባቡር አምልጦኝ ነው» ብሎ ሲደውል፣ መጀመሪያ የማስበው ማንን እየሸፈነ እንደሆነ ነው።