የሽንኩርት ቆራጩና የመንደራችን ኢንስፔክተር

ነገሩ የሆነው በፈረንጆች 1986 ሴፕቴምበር ላይ ነው እያልኩ ስናገር ኖሬአለሁ። አሁን ሳስበው እጠራጠራለሁ። የድንጋይ ከሰል ማውጫ ጉድጓዳችን ያን ጊዜ ተዘግቶ ነበር፤ ሠራተኞቹ የምንሰበሰብበት ክበብ ጣሪያ ግን ገና አልታደሰም። 87 ይሆን? እንጃ። ዓመቱ ቢጠፋብኝም ሄድሊ ፕራውድ ሻዩን ሲያማስል አይጠፋኝም።

ሄድሊ ጡረታ የወጣ የፖሊስ ሳጅን ነው። በአገልግሎት ዘመኑ የያዘው ትልቁ ወንጀለኛ፣ የቄሱን ብስክሌት የራሱ መስሎት የነዳ ሰካራም ነበር። እንዲያ ሆኖ ሊረሳ ሲገባው፣ ከመንደራችን ወጥታ ለንደን የገባችው ዊኒፍሬድ ሎው ስለ ኢንስፔክተር ሞስኮት ተከታታይ ልብ ወለድ መጻፍ ጀመረች። ሞስኮት አይሮጥም፤ አይጮኽም። ተጠርጣሪው ፊት ቁጭ ብሎ ሻዩን ያማስላል። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሁሉንም አንድ ክፍል ይሰበስብና ዝም ይላል፤ ዝምታው የከበደው ጥፋተኛ ራሱ ይናዘዛል።

ሄድሊም ዝምተኛ ነበር፤ የሚናገረው ስለሌለው። መንደሩ ሁለቱን ዝምታ መለየት አቅቶት «ሞስኮት ማለት ሄድሊ ነው» አለ። እሱም አልካደም። ቢራ ይጋበዛል፤ ከሩቅ የመጡ አንባቢዎች አብረውት ፎቶ ይነሳሉ። ማንኪያውን እንኳ ቀስ ብሎ ማዞር ጀመረ። ከዚህ ክብር ሌላ በዓለም ላይ ምንም አልነበረውም።

ከዚያ በየዓመቱ ውድድሩን የሚያሸንፈው የማቲ ስቶባርት ባሮ ሽንኩርት ተቆረጠ። በእኛ አውራጃ በደርሃም፣ ለውድድር የሚያድግ ባሮ ሽንኩርት ክንድ ያህል ይወፍራል፤ አባት ሽንኩርቱን ምን እንደሚያጠጣው ለልጁ እንኳ አይነግርም። ውድድሩ ሲቃረብ አንድ ሰው ጓሮ ገብቶ የማቲን በቢላ ተለተለው። ማቲ ፖሊስ ልጥራ ሲል የክበቡ ሰዎች ከለከሉት፤ ሞስኮት እያለን ምን ሲደረግ?

ሄድሊ ሽንኩርት አብቃዮቹን በየጓሯቸው እየዞረ ፊታቸው ተቀመጠ። ሻዩን አማሰለ። ዝም አለ። መጽሐፍ አምኖ የየት አገር ሰው እንደሆነ ረሳ። የእኛ ሰው ከጓደኛው ጋር ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አፉን ሳይከፍት ተቀምጦ ይውልና፣ ቤቱ ሲገባ «ጥሩ ጨዋታ ነበር» የሚል ነው።

«ሄድሊ ምን ጠየቀህ?» አለው ማቲ፣ ሁልጊዜ ሁለተኛ የሚወጣውን ቢሊ ሃንተርን።

«ምንም።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?»

«ሻይ ጠጣን። ደስ የሚል ሰው ነው።»

የውድድሩ ቀን ሽልማቱን ልትሰጥ ዊኒፍሬድ ሎው ራሷ መጣች። ሄድሊ ሁላችንንም የክበቡ አዳራሽ ውስጥ ሰብስቦ ፊታችን ቆመ፤ አንድ በአንድ አየን፤ ዝም አለ። እኛም የአሳማ ሥጋ ሳንድዊቻችንን በላን።

«የኔ ጌታ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ እኮ፤ ልቀይርልህ?» አለችው የክበቡ አስተናጋጅ ኢና።

«ሻዩን ተዪው» አለ ማቲ። «አንተ ሄድሊ፣ ስም ጥራ ወይ ተቀመጥ።»

ሄድሊ ሻዩን አማሰለ። ማቲ ወደ ደራሲዋ ዞረ። «ሚስ ሎው፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን። ሞስኮትን የቀዱት ከዚህ ሰው ነው?»

ሴትዮዋ ሄድሊን በጨዋ ደንብ ፈገግ ብላ አየችው። «ይቅርታ፣ ተዋውቀናል?» አለች። ቀጥላም፣ «ሞስኮትን እንኳ የቀዳሁት ከጥርስ ሐኪሜ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ለዓመታት ቢራ የገዙለት ሰዎች ከሁሉ በላይ ሳቁ፤ ጅል ያደረጋቸው እሱ እንጂ እነሱ ራሳቸው እንዳልሆኑ ሁሉ።

ሄድሊ ስኒውን አስቀመጠና የካፖርቱን ቁልፎች ቆለፈ። ወደ በሩ ሲሄድ በቢሊ ጠረጴዛ በኩል አለፈ። ዘንድሮ አንደኛ የወጣው የቢሊ ሽንኩርት እዚያ ላይ ተጋድሟል። ከሁሉ መሐል ያልሳቀው ቢሊ ብቻ ነበር፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሄድሊ፣ እኔ...» አለ ቢሊ በቀስታ።

«ተወው ቢሊ» አለው። «ሰው ይሰማሃል።»

አጠገባቸው ስለነበርኩ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቆራጩን ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቅ፣ አንዲት ስም ጠርቶ ራሱን ማዳን ሲችል ለምን ዝም እንዳለ ልጠይቀው ሳንድዊቼን ጥዬ ተከትዬው ወጣሁ። አውቶቡስ ግን መንገዱ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ሄድሊ ተሳፈረ፤ በሩ ተዘጋ።