ያለ ሻሽ የተነሳችው ፎቶ

ልጄ የሞተችው በጥቅምት ነው። ሸዋ ሮቢት ዝናቡ ሲያቆም ወንዙ ዳር ውሃ ይቋጥራል፤ ወባው የሚበረታው ያን ጊዜ ነው። አጎበር ነበረን። ራሴን አለች፣ ተኛች፣ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በፊት ወደ አላህ ሄደች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተቀበረች። እኔው ነኝ ከሴቶቹ ጋር ያጠብኳት። ላቆየልኝ ዓመታት አላህን አመሰግነዋለሁ። ከዚህ በላይ ስለ ሞቷ የምለው የለኝም።

የምጽፈው ከሞቷ በኋላ ስለሆነው ነው።

ወንድሟ ከጅዳ የላከው ስልክ የሁለታችን ነበር። እኔ እደውልበታለሁ፣ እሷ ፎቶ ታነሳበታለች። ከአረፋ በኋላ የአክስቷ ልጅ አጣዬ ስትዳር አብረን ሄድን። የሙሽሪት ክፍል ውስጥ ወንድ አልነበረም። ሴቶቹ ሂና ተቀቡ፣ ሻሻቸውን ፈቱ፣ ጨፈሩ። ልጄም ፈታች። ፀጉሯ ወገቧ ላይ ይደርስ ነበር። ስልክ የያዙት ልጄ፣ ሙሽሪትና አንዲት ጓደኛቸው እርስ በርስ ፎቶ ተነሱ፤ ያነሱትንም በብሉቱዝ ተላላኩ።

ለማጽናናት ከመጡት ሴቶች አንዷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ፀጉሯ የሚታይበት ፎቶ ካለ አጥፉላት። ባዕድ ባየው ቁጥር እሷ ናት የምትቸገረው» አለችኝ። ሴቶች ብዙ ይላሉ።

ሕልሙ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ቆላ ነውና ከዙሁር ሶላት በኋላ ሙቀቱ ሰው ያደክማል፤ ትንሽ ጋደም እላለሁ። ልጄ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳጥኔ ላይ ጎንበስ ብላለች። ፀጉሯ ባጠብናት ዕለት እንደነበረው ርጥብ ነው፣ ይንጠባጠባል። «እማ፣ ሻሼ የት ነው?» ትለኛለች። «ከታች ነው» እላታለሁ። ትበረብራለች፣ አታገኘውም። ስነቃ ተነስቼ ሳጥኑን እከፍታለሁ። ሻሿ ከታች፣ እንዳጠፍኩት አለ።

አንድ ቀን ቢሆን ሕልም ነው ብዬ እተወው ነበር። ተመላለሰች። ፊቷን አንድም ቀን አላዞረችልኝም።

ስለ ሕልሙና ስለ ፎቶው የመስጊዳችንን ሸይኽ ጠየቅኳቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው አያስፈራሩም። «የሙት ነገር ከአላህ ዘንድ ነው፤ እኔ አላውቅም» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ልጅቷ በሕይወት ብትኖር ያ ፎቶ በየሰው እጅ እንዲዞር ትወድ ነበር?» አሉኝ።

«አትወድም።»

«እንግዲያው አደራዋ ነው፤ ተወጪላት።»

እኔ ፎቶ ማጥፋት አላውቅም። የጎረቤቴን ልጅ ጠራኋት። እዚህ ላይ ጎረቤቴ ማን እንደሆነች ልናገር። ክርስቲያን ናት፤ ግድግዳችን ይነካካል። የወለድነው በአንድ ሰሞን ነው። እኔ ከወሊዱ በኋላ ታምሜ ወተቴ ሲደርቅ፣ በአንዱ ጡቷ የራሷን ልጅ በሌላው የእኔን አጠባች። በእኛ ሃይማኖት ሁለቱ የጡት እህትማማቾች ናቸው። ትምህርት ቤት አብረው ሄዱ፣ አጣዬም ሠርጉ ላይ አብረው ነበሩ።

ልጅቷ መጥታ ስልኩን ከፈተች።

«እትዬ፣ የትኛውን ላጥፋ?»

«ፀጉሯ ያለበትን ሁሉ።»

«ይሄንስ? ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው።»

«እሱንም።»

አንድ በአንድ አጠፋች። እኔ በሩን እያየሁ ነበር። «አለቀ?» አልኳት።

«አላለቀም። የተጣለው ለጊዜው የሚቀመጥበት ቦታ አለ። ሐሳብዎን ከቀየሩ ከዚያ ይመለሳል።»

ሙታን ትንሣኤን የሚጠብቁበትን በርዘኽን አሰብኩ። «እዚያ ሳለች ማን ያያታል?»

«የከፈተ ሁሉ።»

«ከዚያም አውጫት።»

ልጅቷ ስልኩን ይዛ ቀረች። «እየጠየቀ ነው እትዬ።»

«ምን ብሎ?»

«‹ለዘለዓለም ይጥፋ ወይ?› ነው የሚለው። እኔ አልችልም፤ እርስዎ ይጫኑት።»

ቢስሚላህ ብዬ ጣቴን አሳረፍኩ። ጣቴ ሽንኩርት ሲነቅል የኖረ ነው፤ መስታወቱ አላወቀውም። በነጠላዬ ጠርጌ ደግሜ ጫንኩት። ጠፋ።

ሙሽራይቱ ስልክ ላይም እንዳለ አውቃለሁና በማግስቱ አጣዬ ሄድኩ። በዚያ ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ወጣቶቹ ሁሉ ያማርራሉ፤ አንዱ ስልኩን እያገላበጠ «እንግዲህ ለውዝ ልሰብርበት» ይላል። እኔ በሆዴ አልሐምዱሊላህ አልኩ። መንገዱ ክፍት ቢሆን ኖሮ የልጄ ፀጉር ስንት አገር ይደርስ ነበር።

የሙሽራይቱ አማት የመጣሁበትን ስትሰማ ሳቀች። «ፎቶ ልታጠፋ መኪና የተሳፈረች እንግዳ ዛሬ ገና አየሁ። በይ መጀመሪያ ምሳ ብዪ፤ ፎቶ እግር የለውም፣ አይሄድም።»

«እግርማ አለው እቴ» አልኳት። «ብሉቱዝ ይሉታል።»

ሙሽራይቱ እያለቀሰች አጠፋች። ከተጣለበትም ቦታ እንዴት እንደምታወጣት ነገርኳት፤ አሁን አውቄዋለሁ።

ቤቴ ተመልሼ ከዙሁር በኋላ ጋደም አልኩ። መጣች። ፀጉሯ ይንጠባጠባል። «እማ፣ ሻሼ የት ነው?»

አንድ እንደቀረ ያን ጊዜ ተረዳሁ። የቱ ጋ እንደቀረም።

ጎረቤቴ ደጇ ላይ ማሾ እየለቀመች ነበር። ሰፌዱን ወደ መሀል ሳበችልኝ፤ አብሬ መልቀም ያዝኩ። ልጇ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«አንቺ ጋ አንድ አለ» አልኳት ልጅቷን።

ልጅቷ እናቷን አየች።

«እሱን አልሰጥሽም» አለች ጎረቤቴ፣ ቀና ሳትል። «ፎቶ ቤት ወስጄ ላሳድገው ነው። ዙሪያውን አበባ አስደርጌ እሰቅለዋለሁ።»

«ፀጉሯ ተገልጧል።»

«ፀጉሯን እኔ አላውቀውም? ማን ነበር ሹሩባ የሚሠራት?»

«አንቺማ ታውቂዋለሽ። ግድግዳሽን የሚያየው ሰው ግን ብዙ ነው።»

ማሾዋን ተወችው። «ስሚ። እኛ የሞተውን ሰው ፎቶ ይዘን ነው የምናለቅሰው። እናንተ በአንድ ጀምበር ቀበራችኋት። ደብረ ሲና ገበያ ውዬ ስመለስ አፈር ለብሳ ጠበቀችኝ። ጡቴን ጠብታ ያደገች ልጅ ናት። ሬሳዋን አላየሁ፤ ፎቶዋንም ልትከለክዪኝ?»

የተናገረችው ሁሉ እውነት ነው። እናት ነኝ እንዳልል እሷም እናት ናት። ከሸይኹ በቀር ለማንም ያልነገርኩትን ሕልም ነገርኳት።

እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። «ልብስ ነው የምትጠይቅሽ?»

«ሻሽ።»

«ርጥብ ናት?»

«ርጥብ ናት።»

አማተበች። ማሾውን በእጇ አመላለሰች። ከዚያ ወደ ልጇ ሳትዞር፣ «አጥፊው» አለች።

«እማዬ…»

«አጥፊው አልኩሽ። እህትሽ ብርድ ላይ ናት።»

ያን ቀን ሙቀቱ ድንጋይ ያቃጥል ነበር።

ልጅቷ ስልኩን አውጥታ ወደ እኔ መጣች። «አንዴ ይዩዋት» አለችኝ። ሌሎቹን ሲጠፉ አላየኋቸውም ነበር፤ ይህን አየሁት። ሁለቱ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመዋል። ልጄ አፏን ከፍታ ትስቃለች። የላይኛው ጥርሷ ጎን ለጎን ሳይሆን ትንሽ ተደራርቦ የበቀለ ነበር፤ ስለምታፍርበት ቤት ውስጥ ስትስቅ በእጇ ትሸፍነዋለች። እዚያ አልሸፈነችውም። ጎረቤቴም በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አየች። ትንፋሿ ይሰማኛል።

«በቃ» አልኩ።

«ከተጣለበትም ቦታ እትዬ፣ አውቃለሁ» አለች ልጅቷ። ይህን ራሷ ተጫነችው።

ጎረቤቴ በዚህ አላበቃችም። «እኛ ዘንድ ሙት በሕልም ልብስ ከጠየቀ ለነዳይ ይሰጣል» ብላ በገበያ ቀን ነጭ ሻሽ ገዛችና ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለምትቀመጥ አንዲት ደሃ አሰረችላት። እኔም በበኩሌ ሶደቃ አወጣሁ።

ልጄ አንድ ጊዜ መጣች። ሻሿን አስራለች። ፀጉሯ አይንጠባጠብም። ሳጥኑን ሳትነካ፣ ምንም ሳትጠይቀኝ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ በሩን ወጣች።

«የኔ ሻሽ ነው የደረሰላት» አለች ጎረቤቴ።

«ፎቶው ነው» አልኳት።

«እሺ፣ ሁለቱም ይሁን።»

ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። አልሐምዱሊላህ፤ የለመንኩት እሱን ነበር። ልጄ አርፋለች። ግን ዱዓ አድርጌ ስጨርስ ፊቷን ላስበው እሞክራለሁ፤ ዓይኗ ይመጣል፣ አፏ ይቀራል። ሌላ ቀን አፏ ይመጣል፣ ዓይኗ ይቀራል። ብርድ በሆነ ቀን እንኳ ከዙሁር በኋላ መተኛት ጀመርኩ። ሳጥኑን ከፍቼ እተኛለሁ። ማንም አይመጣም። ስልኩን አነሳለሁ፤ የሽንኩርት ማሳችን አለ፣ ፍየሏ አለች፣ የጣርማ በር ተራራ ጭጋግ አለ። እሷ ያነሳቻቸው ናቸው። ሻሽ አስራም ቢሆን እሷ የለችባቸውም።

አንድ ቀን ጎረቤቴ በአጥሩ ጠራችኝ። ሄድኩ። እንደልማዷ ማሾ ፊቷ ላይ አለ።

«ትናንት እኔ ጋ መጣች» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። «ሻሽ አስራለች?»

«አስራለች።»

«ፊቷን አየሽው?»

«አየሁት እንጂ። ስቃለች። ያ ጥርሷ እንደተደራረበ ነው።»

ይህችን ሴት ከልጅነት ጀምሮ አውቃታለሁ። እውነት ስትናገር ዓይን ዓይኔን ታያለች፤ ውሸት ስትናገር ሥራዋን ታያለች። ያን ቀን የምታየው ማሾውን ነበር።

አልጠየቅኳትም። «ንገሪኝ» አልኳት። ነገረችኝ። ከግንባሯ ጀምራ፣ ቅንድቧን፣ ጉንጯን፣ ከከንፈሯ በታች ያለችውን ጥቁር ነጥብ። ነጥቧን እኔ ረስቻት ነበር።

አሁን ከዙሁር በኋላ አልተኛም። ወደ እሷ ደጅ እሻገራለሁ፤ ሰፌዱን ወደ መሀል ትስብልኛለች። አላህ ይስጣት።