አገርነሽ ለወንድሟ ያስተረጎመችው

እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ፣ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ከአገርነሽ ጋር አንድ ረድፍ ላይ ዓመታት ሰፍተናል። ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል የመጣች፣ የሠላሳ ሦስት ዓመት ሴት ነበረች። እኔ እጅጌውን ሳልጨርስ እሷ ሸሚዙን ትጨርሳለች።

በፈረንጆቹ 1990 መጨረሻ ግን መዘግየት ጀመረች። ሁለት ጉርሻ በልታ «ጠገብኩ» ትላለች። ግራ ጎኗን ይከብዳታል። ቀሚሷ ሰፋባት። ስትጠየቅ መልሷ «ድካም ነው» ብቻ ነበር። በመጨረሻ እኔው እየጎተትኩ ኩፓት ሆሊም፣ የሰፈራችን ክሊኒክ ወሰድኳት።

ደም ቀዱላት፤ በማግስቱ ሆስፒታል ላኳት። የጤነኛ ሰው ነጭ የደም ሴል ከአሥር ሺህ ብዙም አያልፍም፤ የእሷ መቶ ሰማንያ ሺህ ደርሷል። ጎኗን የከበዳት ያበጠው ጣፊያዋ ነበር። ከዳሌ አጥንቷም በመርፌ መቅኔ ወስደው መረመሩ።

«ደም የሚሠራው መቅኔ ውስጥ ነው» አላት ሐኪሟ ዶክተር ሊዮን። «አንቺ ዘንድ ነጮቹ ሴሎች ያለ ልክ እየተባዙ ነው። የደም ካንሰር ነው፤ ግን ቀስ ብሎ የሚሄደው ዓይነት። ከማንም አልተላለፈብሽም፤ ያጠፋሽው ነገርም የለም።»

ክኒን ቁጥሩን ያወርደዋል፤ ግን ለጥቂት ዓመታት ብቻ። ነቅሎ ሊያጠፋው የሚችለው ከእሷ ጋር የሚገጥም የሌላ ሰው መቅኔ ነው፤ የደም ዓይነቱ ቢለያይም ይሆናል። ከወንድም ወይም ከእህት የመግጠም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። የአገርነሽ አንድ ወንድሟ፣ ታላቋ አግደው፣ አዲስ አበባ ሆኖ ወደ እስራኤል የጉዞ ተራ ይጠብቅ ነበር።

ክኒኗን እየዋጠች ሥራዋን ቀጠለች። ስጨነቅ «ይመጣል» ትለኛለች። በግንቦት 1991 አውሮፕላኖች ከአዲስ አበባ ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያንን በአንድ ቀን ተኩል አመጡ። አዲስ መጪዎቹ ካረፉባቸው ሆቴሎች አንዱን ስንጨርስ ወደ ሌላው እየዞርን ፈለግነው። በሦስተኛው ቀን ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ከተለያዩ ሰባት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ደሙ ተመረመረ። ገጠመ!

የዚያን ቀን አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ስላልተገኘ በሽተኛዋ ራሷ አስተረጎመች።

«ጋሼ፣ አደንዝዘው ከዳሌዎ መቅኔ ይቀዳሉ። አጥንት አይቆረጥም። የተቀዳውን ሰውነትዎ በሳምንታት ይተካዋል።»

«እሽ። አንቺስ ምን ትሆኛለሽ?»

ዶክተሩ ቀስ እያለ ተናገረ። አገርነሽ ወደ ወንድሟ ዞረች። ከእሷ ሌላ ዕብራይስጡ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ አለሳልሳው ብታልፍ አግደው አያውቅም።

«የእኔን መቅኔ በከባድ መድኃኒት ያጠፉታል» አለችው። «የእርስዎ ካልያዘ እሞታለሁ። ቢይዝም ሌላ አደጋ አለው። ብሞት ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ይኸን ከአሁኑ ይወቁልኝ።»

አግደው ዓይኑን ጠረገ። «ለነገም ዝግጁ ነው በያቸው።»

መስከረም ላይ ማንም ዝም ብሎ የማይገባበት ክፍል ውስጥ አስገቧት። ጸጉሯ ረገፈ፤ አፏ ቆስሎ ውኃ መዋጥ አቃታት። የአግደው መቅኔ እንደ ደም በከረጢት መጥቶ በደም ሥሯ ሲንጠባጠብ በመስታወት አየሁ። ከዚያ ጥበቃው መጣ። የነጭ ሴሎቿ ቁጥር በየቀኑ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ዶክተር ሊዮን ወረቀት እያውለበለበ በኮሪደሩ መጣ። «ሴሎች! አዲሶች ናቸው!» አግደው ቃሉ ሳይገባው ፊቱን አይቶ እልል አለ፤ ነርሶቹም አጨበጨቡ።

ከዓመት በኋላ መቅኔዋ ሲመረመር ከታመሙት ሴሎች አንድም አልተገኘባትም። ፋብሪካ የተመለሰች ቀን ረድፋችን በሙሉ የስፌት መኪናውን አቁሞ ተነሥቶ ተቀበላት።

በ1993 ክሊኒክ አብሬያት ሄድኩ። ጸሐፊዋ ካርዱን አይታ ግራ ተጋባች።

«የደምሽ ዓይነት ኦ ነው ይላል። ዛሬ የወጣው ግን ኤ ነው። አንዱ ስህተት መሆን አለበት።»

«ሁለቱም ልክ ነው» አለች አገርነሽ፣ ቀና ብላ። «ያ የእኔ ነበር። ይኸኛው የወንድሜ ነው። ጻፊው።»