ያልተላከው ብልቃጥ

ነቀርሳ የእግዜር ቁጣ ነው፣ ተጠያቂ የለውም ይባላል። የእናቴ ነቀርሳ ተጠያቂ ነበረው፤ ነጭ ካፖርት ለብሶ ሞጣ ይሠራ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። እናቴ ጡቷ ላይ እብጠት ሲወጣባት ከቢቸና ሞጣ ወሰድኳት። ሐኪሙ ከእብጠቱ ቆንጥሮ ብልቃጥ ውስጥ ከተተና «አዲስ አበባ ተልኮ ይመረመራል፤ መልሱ ሲመጣ እናስጠራዎታለን» አላት። የተማረ ሰው የተናገረውን ታምን ነበር። አምስት ወር ጠበቀች። እብጠቱ ግን አልጠበቀም።

ሲመረኝ በጭነት መኪና ተሳፍሬ ሞጣ ሄድኩ። ብልቃጡ የሐኪሙ ክፍል መስኮት ላይ ተቀምጧል። ስሟ በፕላስተር ተለጥፎበታል፤ ውኃው ተንኖ ሥጋው እንደ ቋንጣ ደርቋል።

«መኪና ጠፍቶ እኮ ነው፣ ጓድ» አለኝ ሐኪሙ።

«እኔስ በምን መጣሁ?»

«እሱ የግል ነው። የመንግሥት ንብረት በግል መኪና አይላክም።»

መሬት መወረሱን ሰምቻለሁ፤ የእናቴ ሥጋ መወረሱን ግን ገና እሱ ነገረኝ።

ከሰስኩት። ሌላ ሐኪም አይቷት «ቶሎ አዲስ አበባ ካደረስካት ተስፋ አላት» ብሎኝ ነበር። እኛ የማሳከሚያ አቅም ስለሌለን ካሳ የጠየቅኩት ለዚያ ነበር።

ለችሎቱ አንድ ቀን ሲቀረው ሐኪሙ ሦስት ሽማግሌዎች ላከ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሷ። አንዱ የንስሐ አባቷ ናቸው። በአገራችን ወግ ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም። ደጃፍ ላይ ቆሙ።

«አባ፣ ምነው ይግቡ እንጂ!» አለች እናቴ፣ ከመደቡ ለመነሳት እየታገለች።

«እሺ በይንና እንገባለን።»

«ፀሐዩ እኮ ይመታዎታል!»

«ይምታን።»

«ይምታቸው!» አልኩ እኔ።

እናቴ በሐፍረት ልትሞት ደረሰች። «ዝም በል! አሳዳጊ የበደለው ልትባል ነው?» ብላ ወደ እነሱ ዞረች። «ይቅር ብዬዋለሁ፤ በሉ ግቡ።»

ገቡ፤ ጠላ ጠጡ። አንደኛው ከጋቢው ሥር አስቀድሞ የተጻፈ ውል አወጣና አውራ ጣቷን ቀለም አስነክሮ አስፈረማት።

በማግስቱ ዳኛው ውሉን አይቶ መዝገቡን ዘጋ። «እናትህ ታርቀዋል። አንተ ከእሳቸው በላይ ተበድለሃል?» አለኝ። ባለጉዳዩ ሁሉ ሳቀ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ቀበርናት። ሐኪሙ ለቅሶ መጥቶ ደረቱን እየደቃ ከሁላችንም በላይ አለቀሰ። «አየህ፣ እሱም ሰው ነው» አሉኝ ሽማግሌዎቹ። መቼ ካድኩ? በሬማ አይከሰስም።

አንባቢዬ፣ ለሐኪም ይቅርታ እንድትለምን ከታማሚ ደጅ ብትላክ፣ አትሂድ።