በተማሪዎቼ እጅ የነበረ ትንፋሽ

ስለ መመረዝ ሳስተምር ከማንኛውም መድኃኒት በፊት አንድ ጥያቄ አስቀድማለሁ፦ መርዙ በየት በኩል ገባ? በአፍ፣ በአፍንጫ ወይስ በቆዳ? ተማሪዎቼ በፈተና ላይ ይህን አይስቱም። ሕመምተኛ ፊት ሲቆሙ ግን ዓይናቸው ቀድሞ የሚሄደው ወደ አፍ ነው። ሰው መርዝ ይጠጣል እንጂ ይለብሳል ብለው ለማሰብ ይቸገራሉ።

ከጎግ ወረዳ የመጣችው ወጣት ወደ ድንገተኛ ክፍል የገባችው የጠዋቱን የሕሙማን ጉብኝት ሳንጨርስ ነው። ባሏና አንድ ጎረቤት ተሸክመው አስገቧት። አፏ አረፋ ይደፍቃል፤ የዓይኗ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሏል፤ ደረቷ ውስጥ ውሃ የሚፈላ ይመስል ይንኮረኮራል። የተባይ ማጥፊያ መሆኑን ሽታው ነገረን።

«ምን ያህል ጠጣች?» ሲል አንዱ ተማሪ ጠየቀ።

ባልየው ተቆጣ። «ማን ጠጣች አለህ? የበቆሎ መድኃኒት ተሸከመች። በሳፋ። እንደ ውሃ!» አለና መዳፉን አናቱ ላይ አደረገ።

በዚህ አገር ሴቶች ሙሉ ሳፋ በራሳቸው ተሸክመው፣ እጃቸውን እንኳ ሳያስደግፉ ይሄዳሉ። ሳፋው አልፎ አልፎ ይፈነጥቃል፤ በጋምቤላ ሙቀት በአንገት የሚወርድ የውሃ ጠብታ ደግሞ ማንንም አያስከፋም። እሷም ለእርሻው የተበጠበጠውን መድኃኒት በለመደችው መንገድ ይዛው ሄደች። ከሹሩባዋ ሥር እስከ ወገቧ ርሳ ነበር።

ጓንት አድርገን ልብሷን አወለቅን። ሁለት ሴት ተማሪዎች ሹሩባዋን እየፈቱ በሳሙና ደጋግመው አጠቧት። ከዚሁ ጎን ለጎን የመርዙን ማርከሻ አትሮፒን ጀመርን፤ ደረቷ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እስኪደርቅ ድረስ መጠኑን በየጥቂት ደቂቃው እጥፍ እናደርግ ነበር። አትሮፒኑ ግን ሥራውን ሳይጨርስ ትንፋሿ ቆመ። በጉሮሮዋ ቱቦ አስገባሁ። የመተንፈሻ ማሽኑ ሌላ ሕመምተኛ ላይ ስለነበር፣ አምቡ የምንለውን፣ ሲጨምቁት አየር ወደ ሳንባ የሚገፋውን ከረጢት ከቱቦው ጋር አገናኝቼ ከማታር ለመጣ አንድ ተማሪዬ ሰጠሁት።

«እስከ መቼ ነው፣ ዶክተር?»

«ራሷ እስክትተነፍስ።»

የፈራ እጅ ይቸኩላል። ሳንባ ለመሙላት ብቻ ሳይሆን ለመጉደልም ጊዜ እንደሚፈልግ ያስተማርኩት ልጅ በፍርሃት ከረጢቱን ያጣድፈው ጀመር። ከመቲ የመጣችው የክፍል ጓደኛው አላስቻላትም።

«ቀስ በል እንጂ አንተ! የባጃጅ ጎማ ነው እንዴ የምትነፋው?»

«ተራሽ ሲደርስ እናይሻለን።»

ተራዋ ደረሰ፤ እሷም አጣደፈችው። እሱ አልሳቀባትም። ጎንበስ ብሎ በራሱ ቋንቋ አንድ የዘገየ መዝሙር በለሆሳስ ማዜም ጀመረ፤ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ ያገለግላል። ስንኙ ሲጀምር በአገጩ «ጨምቂ» ይላታል፤ ስንኙ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ዜማ አልፈቅድም። ልከለክል አፌን ስከፍት የሴቲቱን ደረት አየሁ፦ ሳይቸኩል ከፍ ይላል፣ እስከ መጨረሻው ዝቅ ይላል። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

ባልየው ክፍሉን ሲቃኝ ቆየና፣ «ማሽኑ የታለ?» አለ።

«እኛ ነን» አለችው የመቲዋ ልጅ፣ ከከረጢቱ ዓይኗን ሳታነሳ።

እጆቿን ተመለከተ። «ማሽን ያለ ናፍጣ ይቆማል» ብሎ ወጣና ማንጎ በፌስታል ይዞ ተመለሰ። እጁ ነጻ የሆነ ሁሉ በየተራው በላ።

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረታ። ተማሪዎቼ ሲቀያየሩ የሚያደርጉትን ቆሜ አየሁ፤ እኔ አላስተማርኳቸውም። ተረካቢው በመጀመሪያ እጁን በአስረካቢው እጅ ላይ ያደርጋል። ሁለቱ አብረው አንድ ጊዜ ይጨምቃሉ፤ ከዚያ የታችኛው እጅ ይወጣል። በመሐል የጎደለ ትንፋሽ አልነበረም። መዝሙሩን ቋንቋውን የማያውቁትም ተቀብለውት ነበር፤ ቃሉን ባይሉትም እጃቸው ይለው ነበር። ሳንባን ለብዙ ዓመታት በሥዕል፣ በራጅና በጆሮዬ ሳጠና ኖሬአለሁ። የአንዲት ሴት ሕይወት ግን እንደዚያ ቀን ከመዳፍ ወደ መዳፍ ሲተላለፍ አይቼ አላውቅም፤ በጥቂት ወጣቶች መዳፍ ውስጥ ይህን ያህል ነገር ሊያዝ መቻሉ አስፈራኝ፣ አስደነቀኝም።

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ደረቷን አዳመጥኩ። መንኮርኮሩ ጠፍቷል፤ አየሩ በሁለቱም ጎን ጥርት ብሎ ይገባል። የዓይኗ ብሌንም ሰፍቷል። የራሷ ትንፋሽ ግን ገና ነበር። ከረጢቱ እንደገና የማታሩ ልጅ ዘንድ ደርሷል። ባልየው እግርጌዋ ቆሞ እኔን ያያል።

ድንገት ዜማው ተቋረጠ።

«ዶክተር!»

«ምን ሆነ?»

ልጁ ጣቶቹን አላንቀሳቀሰም። ከረጢቱን እንደ ጫጩት በሁለት መዳፉ አቅፎት ነበር። «እኔ ገና ሳልጨምቅ… ቀደመችኝ።»

እጄን በእጁ ላይ አደረግሁ። ትንሽ ነገር ነበር፤ ከረጢቱ ወደ ውስጥ ሳብ አለ፣ ቆየ፣ እንደገና ሳብ አለ። የሳበው ከእኛ ማንም አልነበረም።

«ልተወው?» አለኝ።

«አትተወው» አልኩት። «አሁን እሷ ትምራ፤ አንተ ተከተላት።»

ጆሮውን ወደ አፏ አዘንብሎ ጠበቃት፤ ስትጀምር ከኋላዋ በቀስታ ጨመቀ።