ድምፁ የተዘጋበት አሠልጣኝ

ካዛንቺስ የገባሁበት ካፌ ሞልቶ ስለነበር ከማላውቀው ሰው ጋር ጠረጴዛ ተጋራን። ግራጫ ኮት ለብሷል፤ «አሠልጣኝ» የሚል ባጅ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። አስተናጋጇ ልትታዘዝ ስትመጣ በጣቱ ጉሮሮውን አሳያት።

«ዝንጅብል ሻይ ላምጣልዎት? ምን ሆነው ነው?»

«መምህራን ሳሠለጥን ሰንብቼ ድምፄ ተዘጋ» አለ በጭንቅ በሚሰማ ሹክሹክታ።

«ምንድን ነው የሚያሠለጥኑት?»

«ተማሪ ተኮር ትምህርት። መምህሩ ወሬ ቀንሶ ተማሪውን እንዲያዳምጥ።»

ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዙራ ሄደች። እሱ ግን የሚያስቅ ነገር የተናገረ አልመሰለውም።

ሻዩ እንደቀረበለት ስልኩ ጠራ። «አባዬ!» የሚል የልጅ ድምፅ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ። ሊመልስላት አፉን ቢከፍት ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ልጅቷ ግን ቀጠለች። ሒሳብ እንደከበዳት፣ እናቷ እሱ ቤቱን ለቆ ከወጣ ወዲህ ብቻዋን እንደምታለቅስ፣ እሷ ራሷ ደግሞ ቅዳሜን የምትጠብቀው እሱ ስለሚመጣ እንደሆነ ነገረችው። ሰውዬው ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ሰማት።

በመጨረሻ የምትነግረው አለቀ።

«አባዬ፣ አለህ? እስከ ዛሬ እኮ እንዲህ አስጨርሰኸኝ አታውቅም።»

ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ራሱን ደጋግሞ ነቀነቀላት፤ በስልክ እንደማታየው ትዝ ያለው አይመስልም።